መሬት ውስጥ የተገኘ ቅርስና የአካባቢው ነዋሪ፦ ሕጉ፣ ሙያውና ልማዱ

ከአክሱም ከተማ ወደ ነገሥታቱ ካሌብና ገብረ መስቀል መቃብር በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት አነስተኛ ቤት አለች። በውስጧ የንጉሥ ኢዛናን ድል በግዕዝ ፊደል፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ የሚተርክ የድንጋይ ጽሑፍ ቆሟል። ድንጋዩን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ጽሑፉ ድንጋዩን ከቦታው የሚነቅለውን ሰው የሚረግም ቃል ስላለበት፣ ነዋሪው ይነሣ ከማለት ይልቅ እዚያው ይቆይ ማለትን መረጠ፤ ቤቷም የተሠራችው ለዚሁ ነው። በአፋር ክልል ወራንሶ ሚሌ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2016 የተገኘው 3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የራስ ቅልም ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ መሬት ላይ ወድቆ ያየው የዚያው አካባቢ ሰው ነበር።

በአገራችን ቅርስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ነው። አራሽ፣ እረኛ፣ የጉድጓድ ቆፋሪ፣ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ወይም የቤት መሠረት የሚያወጣ ግንበኛ ቀድሞ ያየዋል፤ ባለሙያው የሚደርሰው ከቀናት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ ያ ሰው የሚወስደው እርምጃ ግኝቱ ታሪክ እንዲናገር ወይም ዝም እንዲል ያደርገዋል። ስለዚህም «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚለው ቃል በየስብሰባው ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ ቢሳሳም፣ በዚህ ዘርፍ ግን ሥራው ራሱ የቆመበት ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሙያው አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። አርኪዮሎጂስትን ከሚያገኘው ዕቃ ይበልጥ የሚያሳስበው ዕቃው የተኛበት አፈር ነው። አፈር በዘመናት ብዛት ተነባብሮ ይቀመጣል፤ ከታች ያለው ንብርብር፣ ያልተነካካ እንደሆነ፣ ከላይ ካለው ይቀድማል። አንድ የአክሱም ሳንቲም ከገል፣ ከእህል ፍሬና ከምድጃ ከሰል ጋር በአንድ ንብርብር ውስጥ ቢገኝ፣ ሳንቲሙ የንጉሡን ስም ይነግረናል፣ ከሰሉ በካርቦን ምርመራ ዘመኑን ይጠቁማል፣ ገሉ ሰዎቹ በምን ዓይነት ዕቃ ያበስሉ እንደነበር፣ ፍሬው ደግሞ ምን ይዘሩ እንደነበር ያስረዳል። አንዱ ለሌላው ይመሰክርለታል ማለት ነው። ያው ሳንቲም ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ታጥቦና ተወልውሎ ገበያ ከደረሰ በኋላ ግን ምስክሮቹ ተቆርጠው የወጡበት ውል ይመስላል፤ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን የሚያስረዳው ጉዳይ እጅግ ያንሳል። የባለሙያ ቁፋሮም ቢሆን ንብርብሩን ያፈርሰዋል። ለዚህ ነው ቆፋሪዎቹ አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ እያነሡ፣ እየለኩ፣ እየሣሉና ፎቶግራፍ እያነሡ ቀኑን ሙሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው የሚውሉት፤ ለተመልካች አሰልቺ ቢመስልም መረጃው ያለው እዚያው ነው።

ይህ አሠራር በግልጽ ካልተነገረ ጥርጣሬ ይወልዳል። «ፈረንጅ ገል ሊለቅም ይህን ያህል መንገድ አይመጣም» የሚል ሐሜት ያልተሰማበት የቁፋሮ ስፍራ ብዙ አይመስለኝም። ሐሜቱ ደግሞ ጉዳት ያስከትላል፤ ተመራማሪዎቹ ወቅቱ አልቆ ሲሄዱ ወርቅ ፍለጋ ሌሊት የሚቆፍር ይኖራልና። ነዋሪውን በዚህ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በመቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 የተዘረፈውን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት፣ ከዚያም በኋላ በልዩ ልዩ ሰበብ ከአገር የወጣውን ብራና የሚያስታውስ ሕዝብ ቢጠረጥር የሚገርም አይደለም። ጥርጣሬ የሚቀንሰው የአገር ሽማግሌዎች ጉድጓዱ ድረስ ገብተው እንዲያዩ፣ የተገኘው ዕቃ ሲቆጠርና ሲታሸግ እንዲገኙ፣ ወዴት እንደሚሄድም እንዲያውቁ ሲደረግ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ዝርዝሩን የያዘው ዋናው ሕግ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመድበው አዋጅ ቁጥር 839 ተጨምሯል። በ1992ቱ አዋጅ መሠረት ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል። ባለቤቱ ግን ቅርሱን በራሱ ወጪ በአግባቡ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ለመጠገንም ሆነ ከቦታ ቦታ ለማንቀሳቀስ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይኖርበታል። ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ደግሞ፣ መሬቱ የቆፋሪው ይዞታ ቢሆን እንኳ፣ ክልክል ነው።

ለተራው ሰው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው በአጋጣሚ ስለሚገኝ ቅርስ የሚደነግገው አንቀጽ 41 ነው። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ፣ አለዚያም በሌላ ማናቸውም አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ፣ ማለትም ቅርስን ለሚጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ሳይነካካ ጠብቆ ማቆየት አለበት። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው በግምትም ቢሆን ያውቀዋል። የማይታወቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ባለሥልጣኑ ሪፖርቱ ከደረሰው በኋላ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ሁኔታውን በዝርዝር ጽፎ ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በማስታወቅ ከኃላፊነቱ ነጻ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ቅርሱን ላስረከበው ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣውም ወጪ እንዲተካለት አዋጁ ያዛል። የሽልማቱ ልክ ስንት እንደሆነ በቁጥር አልተቀመጠም፤ ይህም በእኔ አስተያየት የሕጉ ደካማ ጎን ነው፤ ምክንያቱም ደላላው በዚያው ዕለት ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ሲሰጥ፣ ሕጉ የሚሰጠው ተስፋ መጠኑም ቀኑም አይታወቅም።

በተግባር ሲታይ፣ በማረሻው ጫፍ የተጠረበ ድንጋይ፣ የአጥንት ክምችት ወይም ሙሉ ማሰሮ የገጠመው ሰው ሊያደርግ የሚገባው ቀላል ነው። ቁፋሮውን እዚያው ላይ ያቆማል፤ የወጣውን አያጥብም፣ የተሰበረውን በሙጫ አያጣብቅም፣ «ከሥሩ ሌላ ይኖር ይሆን» ብሎም አይቀጥልም። በእጅ ስልኩ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ ያነሣል፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም ሌላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ያስቀምጣል። ዝናብ ወይም ከብት የሚያሰጋ ከሆነ በለቀመው አፈር መልሶ ይሸፍነዋል፤ አፈር ለዘመናት ጠብቆታልና ለጥቂት ሳምንት አያበላሸውም። ከዚያም በቀበሌው በኩል ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። እዚህ ላይ የቃል ንግግር ብቻውን አይበቃም፤ ቀን ያለበት ደብዳቤ አስገብቶ፣ ማኅተም የተመታበትን ግልባጭ መያዝ ያስፈልጋል። የ6 ወሩ ቆጠራም ሆነ የሽልማቱ ጥያቄ በዚያች አንዲት ወረቀት ላይ ይወድቃልና።

የአካባቢው ሰው ድርሻ ግን አግኝቶ በማሳወቅ አያበቃም፤ ዕውቀትም አለው። በትግራይ ከየሓ 6.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ጉብታ ለተመራማሪዎች ያመለከቱት ነዋሪዎች ናቸው፤ ስፍራው ትልቅ ቦታ እንደነበረ ከአባቶቻቸው ሰምተው ነበር፣ ምን እንደነበረ ግን የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ750 አካባቢ የተመሠረተና እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሰው የኖረበት ከተማ፣ በውስጡም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን፣ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበትና መስቀል ያለበት የድንጋይ ማንጠልጠያ ተገኘ። ስፍራው ዛሬ «ቤተ ሰማዕቲ» እየተባለ ይጠራል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የሓን ሲያጠኑ የኖሩ ምሁራን ያላዩትን የነዋሪው ትውስታ ይዞት ነበር ማለት ነው።

ሆኖም የቃል ትውፊት ሁሉ እንደ ወረደ ይወሰድ ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ በሶዶ ጉራጌ የሚገኙትን የጢያ ትክል ድንጋዮች የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ድንጋዮቹ 36 ሲሆኑ 32ቱ የሰይፍና የሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በሥራቸው በተደረገው ቁፋሮ አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ የነበራቸው ወጣቶች ዐፅም የተገኘ ሲሆን፣ ዘመናቸውም ከኢማም አሕመድ በመቶዎች ዓመታት እንደሚቀድም ታውቋል። ስለዚህ ስሙ ስለ ድንጋዮቹ አሠሪ አያስረዳንም። ስለ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ግን ብዙ ይነግረናል፤ ያ ዘመን በሕዝቡ ትዝታ ላይ ያሳረፈው ጥላ ከእርሱ በፊት የነበረውን ሁሉ ጠቅልሎ በአንድ ሰው ስም እስከማስጠራት ደርሷል። ጥሩ ተመራማሪ ሁለቱንም ይመዘግባል፣ ነዋሪውንም «ተሳስታችኋል» ብሎ አያሳፍርም።

ከመሬት በታች ካለው ይልቅ ከመሬት በላይ ያለው ቅርስ ጠባቂውን ይበልጥ ይፈትነዋል። በአገራችን እጅግ ብዙው ጥንታዊ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ዛሬም ያለው በየገዳሙና በየአጥቢያው ዕቃ ቤት፣ በቄሰ ገበዙ ቁልፍ ሥር ነው። በዓድዋ አቅራቢያ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ መሆናቸው ተረጋግጧል፤ በዓለም ላይ ካሉት ሥዕል ያለባቸው ጥንታዊ የክርስቲያን መጻሕፍት ተርታ የሚሰለፉት እነዚህ ብራናዎች ጥገና ባስፈለጋቸው ጊዜ መነኰሳቱ ከገዳሙ እንዲወጡ ስላልፈቀዱ፣ ጠጋኞቹ መሣሪያቸውን ተሸክመው ወደ ገዳሙ ወጡ፣ ሥራውም እዚያው ተሠራ። ይህን ታሪክ ደጋግሜ የማነሣው ውሳኔውን የሰጠው ጠባቂው፣ የተስማማው ደግሞ ባለሙያው በመሆኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው።

ያም ሆኖ ጥበቃ ዝም ብሎ መደበቅ ከሆነ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 «አፍሮ አይገባ» የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቤልጂየም ተገኝቶ የተመለሰው፣ መልኩ በስፋት ይታወቅ ስለነበር የእኛ መሆኑን ማስረዳት ስላልከበደ ጭምር ነው። ፎቶው ያልተነሣ፣ መጠኑና ክብደቱ ያልተመዘገበ መስቀል ቢሰረቅ ግን በውጭ አገር ጨረታ ላይ ታይቶ እንኳ «የእኛ ነው» ለማለት ማስረጃ አይገኝም። ካህናቱ ምዝገባን የሚፈሩት ዝርዝሩ የሌባ መንገድ መሪ ይሆናል ብለው ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ መልሱ ግን ዝርዝሩን ማን እንደሚይዝ፣ ስንት ቅጂ እንደሚኖርና ማን እንደሚያየው አስቀድሞ መስማማት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ በማይክሮ ፊልም የተነሡት ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ቅጂያቸው አዲስ አበባና አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ዋናዎቹ ግን በየቦታቸው ቀርተዋል፤ ለቅጂ መስጠትና ዋናውን አሳልፎ መስጠት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በሐረርም የአንድ ሰው ጥረት ምን ሊሠራ እንደሚችል ይታያል። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የከተማዋን የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና የድምፅ ቅጂዎች ከየቤቱ እየለመኑና እየገዙ በመሰብሰብ መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ለሕዝብ አሳዩ፤ በኋላም ከተማው የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ሕንፃ ሰጥቷቸው የግል ስብስባቸው ሙዚየም ሆነ።

ጥገና ሌላው ፈተና ነው፤ ጉዳት የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ በፍቅር ነው። አጥቢያው ገንዘብ አዋጥቶ የተሰነጠቀውን የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ይመርገዋል፣ የደበዘዘውን ሥዕል በዘይት ቀለም ያድሰዋል፣ ወይም የአያቶቹን ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ በብሎኬት ሰፊ ሕንፃ ይሠራል። ሲሚንቶ ከጥንቱ ድንጋይና ጭቃ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ጥፋቱም ከዚሁ ይመነጫል። በግድግዳው ውስጥ ያለው እርጥበት በሲሚንቶው በኩል መውጣት ስለማይችል በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ጨውንም አብሮ ይስባል፣ ድንጋዩም እየላላ ይፈረፈራል። ቀድሞ ጥቅም ላይ ይውል የነበረው ኖራ ግን እርጥበት ያስተነፍሳል፤ ሲያረጅም የሚረግፈው እርሱ ነው፣ ድንጋዩ ይተርፋል። ላሊበላም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተገቢ ባልሆነ ቅብ ተሸፍኖ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩት ጥገና ከሥራው አንዱ ያንን ቅብ ማንሣት ነበር።

ላሊበላ ሌላም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዝናብና ፀሐይ እንዲከላከሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ሲሆኑ ዓመታት ተቆጠሩ፤ ካህናቱና ነዋሪው ብረቱ በነፋስ ሲንቀሳቀስ በዓይናቸው እያዩ፣ ቢወድቅስ ብለው ይሰጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡ ሰልፍ ወጥቶ ስጋቱን በአደባባይ አሰማ፤ በማግሥቱ ዓመት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ወደ ላሊበላ መጥተው ድጋፍ ለመስጠት ቃል ገቡ። መሐንዲሶቹ መጠለያውን ያቆሙት በቅን ልቦና እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን በየቀኑ በሥሩ የሚያልፈው ሰው የሚያየውን ለማን እንደሚናገር፣ መልስም በስንት ቀን እንደሚያገኝ የሚደነግግ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሰልፍ ድረስ ባልደረሰ ነበር። ከዚያው ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ነዋሪዎች ለቅርሱ ደኅንነት ተብሎ ወደ ሌላ ሰፈር መዛወራቸውም የሚዘነጋ አይደለም። የላስታው ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ራሱ ቅርስ ነው፤ ቤቱን አቆይቶ ሰውን ማስወጣት ከጥበቃ ይቆጠራል ወይ የሚለው ጥያቄ እስካሁን በቅጡ አልተመለሰም።

በዚህ ረገድ ኮንሶን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር 230 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር የሚደርሱ የእርከን ካቦች፣ በድንጋይ ግንብ የታጠሩ ከተሞችና ትውልድ በተተካ ቁጥር የሚተከሉ ድንጋዮች አሉት። ታሪኩ ከ21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ ይቆጠራል። ካቡ በየዓመቱ ክረምት ይናዳል፤ የሚጠግነውም ሰው ራሱ ስለሚያርስበት፣ የጋራ ሥራ ግዴታም ስላለበት ነው። እዚህ ላይ ነዋሪውን «አሳትፉ» ማለት ትርጉም አይኖረውም፤ ነዋሪው ከሌለ ጥቂት ክረምት ቆይቶ ቅርሱም አይኖርም። ለሟች ጀግኖች የሚቆሙት «ዋካ» የተባሉ የእንጨት ሐውልቶች ግን ለሌባ ተጋልጠው ብዙዎቹ ተዘርፈዋል፤ ከተያዙት የተወሰኑት ዛሬ በኮንሶ ዋና ከተማ በካራት ባለው ሙዚየም ይታያሉ። የመቃብር ሐውልት ከመቃብሩ ተለይቶ ሙዚየም ውስጥ መቆሙ ለቤተሰቡ ምን ስሜት እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም፤ እዚያው ቢመለስ ደግሞ እንደገና ይሰረቃል የሚለው ስጋትም እውነት ነው።

የጥናት ቡድን ወደ አንድ ቀበሌ በሚመጣበት ጊዜ ነዋሪው ከቀን ሥራ ክፍያ ባሻገር ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። የቁፋሮ ፈቃዱን ማየት፣ የተገኘው ዕቃ ዝርዝር አንድ ቅጂ በወረዳው እንዲቀር፣ ወቅቱ ሲያልቅ ጉድጓዱ መልሶ እንዲሞላ፣ የሰብል ካሣ ከቁፋሮው በፊት እንዲወሰን፣ ውጤቱም በየዓመቱ በነዋሪው ቋንቋ በገበያ ቀን ወይም በበዓል ማግሥት በቃል እንዲነገር መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም። ከወጣቶቹ ሁለት ሦስቱ አካፋ ከመያዝ አልፈው መመዝገብና መለካት እንዲማሩ መጠየቅም እንዲሁ፤ ቡድኑ በሌለባቸው ወራት ስፍራውን የሚያየው፣ ጎርፍ የገለጠውን ገል ለይቶ የሚያውቀውና ደብዳቤውን ለወረዳው የሚጽፈው ከእነርሱ አንዱ ይሆናል።